ያውቁ ኖሯል? አንድም ቃል ያልተጻፈለት አባት

ያውቁ ኖሯል? በአራቱም ወንጌል ዮሴፍ የተናገረው አንድ ቃል እንኳ ተጽፎ አይገኝም። ዘካርያስ ይናገራል፤ ኤልሳቤጥ ትናገራለች፤ እረኞቹም ሰብአ ሰገልም ይናገራሉ፤ ሄሮድስ እንኳ ወሬ ይጠይቃል። ጠራቢው ግን ያልማል፣ ይነሣል፣ ያደርጋል። በማቴዎስ ወንጌል አራት ጊዜ በሕልም ተነገረው፤ አራቱንም ጊዜ ሳይከራከር ታዘዘ። ካህኑ ዘካርያስ ምልክት ጠይቆ ዲዳ መሆኑን ላስታወሰ ሰው፣ ሚዛኑ ወደ አናጢው ያደላል።

ከመጀመሪያው ሕልም በፊትም ቢሆን ጠባዩ ታይቷል። እጮኛው ፀንሳ ሲያገኛት የኦሪት ሕግ ከሶ አደባባይ እንዲያቆማት ይፈቅድለት ነበር፤ እሱ ግን በስውር ሊተዋት አሰበ። ወንጌላዊው «ጻድቅ» ያለው ገና መልአኩ ሳይገለጥለት ነው።

ሕፃኑ የተወለደው በቤተልሔም ነው፤ የደቡብ ጎንደሯ ጋይንት የራሷ ቤተልሔም እንዳላትስ ያውቁ ኖሯል? ድጓ የዘለቀ ተማሪ ከየአገሩ ተጉዞ የሚመሰከርባት ደብር ናት፤ በአገሪቱ እጅግ የተስፋፋው የዜማ ስልትም በስሟ ይጠራል። ጸሐፊው ቶማስ ፓኬናም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ ሲደርስ ከውጭ ያየው ክብ የሣር ክዳን ነበር፤ ዘልቆ ሲገባ በክቡ ውስጥ የተሸሸገ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ሕንፃ ቆሟል። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ለዓለም አወራው። የጋይንት ሰው እንኳ አልጠፋውም ነበር።

የጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከብቶች በትንፋሻቸው ሕፃኑን አሞቁት የሚለው ትውፊት፣ ሰውና ከብት አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ደጋ፣ በታኅሣሥ ውርጭ፣ ማብራሪያ አይሻም።

የሕፃኑን ስም እንዲያወጣ በሕልም የታዘዘው ዮሴፍ ነው። በአይሁድ ሥርዓት ይህ ልጁን የራስ ማድረግ ነው፤ በማቴዎስ የዳዊት የዘር ሐረግ የወረደውም በዮሴፍ በኩል ተቆጥሮ ነው። (የዮሴፍን አባት ማቴዎስ ያዕቆብ፣ ሉቃስ ኤሊ ይሉታል፤ በዚህ ሊቃውንቱ ብዙ አትተዋል።) በአገራችንም ያልወለዱትን የራስ የማድረግ ሥርዓት ነበር፦ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ያጠባና ሕፃኑ የጡት ልጁ ይሆናል።

ዮሴፍ የቆጠራቸውን ቀኖች የጋይንት ጎረቤቶች እስቴም ስማዳም ዛሬ ድረስ ይቆጥሯቸዋል። ከታኅሣሥ 29 ስምንተኛው ቀን ጥር 6 ነው፣ ግዝረት። አርባኛው የካቲት 8 ነው፣ ሕፃኑ ቤተ መቅደስ የገባበት። በእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ ወንድ ልጅ የወለደ ክርስቲያን አባትም በስምንተኛው ቀን ያስገርዛል፣ በ40 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ ሴት ከሆነች 80። በዚያ በአርባኛው ቀን የቀረበው መሥዋዕት ደግሞ ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ይህን የፈቀደው ጠቦት መግዣ ላጣ ሰው ነው። ቤቱ የድኻ ቤት ነበር ማለት ነው። ዮሴፍ ያለውን ይዞ ሄደ። ለክርስትና ድግስ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚጠና አባት ይህችን ምዕራፍ አንድ ጊዜ ቢያነባት ደስ ይለኛል፤ በተለይ ዓመቱን በሴፍቲኔት እየተደገፈ በሚገፋ ወረዳ።

ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 የሚውለው፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን ከፅንሰቱ ቀን ከመጋቢት 29 ጀምሮ የሚቆጠረው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን አንድ ቀን እንዳይተርፍ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ሊቃውንቱ የሚቆሙለት ማኅሌተ ጽጌ የስደቱ መታሰቢያ ነው፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ይከተላል። ትውፊቱ የግብፅን ስደት ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ያደርገዋል። ከእመቤታችንና ከልጇ ጋር ሰሎሜና አረጋዊው ዮሴፍ አሉ። በስደቱ ሥዕል ላይ በትር ይዞ የሚታየው ሽበታም ዮሴፍ ነው። ሽሽ ያለውን ሕልም ያየ ሌሊት ጎሕ እስኪቀድ አልጠበቀም፤ በጨለማ ወጣ። መቼም ሽማግሌ ሰው እንዲያ ሲቸኩል ነገሩ ገብቶታል።

በ2ኛው መቶ ዘመን የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ጌታ በጠራቢነቱ ሞፈርና ቀንበር ይሠራ እንደነበር ጽፏል። ከማን ተማረው? ወንጌል የጠራቢው ልጅ ይለዋል። የስማዳ ገበሬ ይህን ሥራ በእጁ ያውቀዋል፦ ለሞፈር ቀጥ ያለ ግንድ ይመረጣል፤ ቀንበሩ የበሬውን ጫንቃ እንዳይልጠው ሆዱ ይለሰልሳል፤ ድግሩና እርፉ ተገጥመው ይሞከራሉ። አባት ይጠርባል፣ ልጅ መጥረቢያ ያቀብላል። በእጅ ሥራ ማደርን ስድብ ባደረገ አገር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር በደረሱበት አገር፣ የጌታን አሳዳጊ ሙያ ማስታወስ ደግ ነው።

ካቶሊኮች በሜይ 1 «ሠራተኛው ዮሴፍ» ብለው ያከብሩታል፤ በዓሉን በ1955 እ.ኤ.አ. የደነገጉት ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ናቸው።

በእኛ ስንክሳር ዕረፍቱ ሐምሌ 26 ነው። «የጠራቢው ዮሴፍ ታሪክ» የተባለው ጥንታዊ ድርሰት 111 ዓመት ኖሮ እንደሞተ ይናገራል፤ ሲያጣጥር ልጁ በራስጌው፣ ማርያም በግርጌው ተቀምጠው ነበር። በዚያው ዕለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንም ይታሰባል፤ ሁለቱም የሰው ልጅ አሳዳጊዎች ናቸው፦ አንዱ የናዝሬቱን፣ ሌላው የአክሱሞቹን መሳፍንት፣ ኢዛናንና ሳይዛናን።