«የአይጥ መድሃኒት» ሁሉ መርዝ አይደለም፦ የላብራቶሪ አይጦች ማደንዘዣና ማስታገሻ ለእኛ ምን ያስተምረናል?



ካዛንቺስ ከምሰራበት ክሊኒክ በር ላይ በቀን ሁለት ሦስቴ የሚያልፍ ድምፅ ማጉያ አለ፦ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድሃኒት!» በአማርኛችን የአይጥ መድሃኒት ማለት መርዝ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ለጥበቃችን «ጋሼ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ለአይጥም ቀዶ ጥገና ሲሰራላት ማደንዘዣ ትወጋለች፣ ስትነቃም የህመም ማስታገሻ ይሰጣታል» ስላቸው ሳቁብኝ። «እኔ ቡአ የተሰራሁ ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ነው ያደርኩት፣ ዶክተር!» አሉ። ለነርሷ ተናግረው እንደሆነ ስጠይቃቸው «ወንድ ልጅ ለዚህ ይጮሃል እንዴ?» አሉኝ።

የዛሬው ፅሁፍ ከዚህች መልስ የመጣ ነው።

📌 አይጥ እዚህ ሀገር ላብራቶሪ ውስጥ ምን ትሰራለች?

ብዙ ሰው የአይጥ ምርምር የፈረንጅ ሀገር ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። ጉለሌ ያለው የኢትዮጵያ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት የባህል መድሃኒቶቻችንን በአይጥ ላይ ሲፈትኑ ቆይተዋል። እናቶቻችን ለምች የሚያሹት ዳማከሴ እንኳ ትኩሳት ያበርድ እንደሆነ በአይጥ ላይ ተሞክሯል። እነዚህ አይጦች ጓዳችን ከምትገባው የተለዩ፣ ለምርምር ተብለው የሚራቡ ናቸው።

📌 እንዴት ትደነዝዛለች?

በብዙ ላብራቶሪ የተለመደው ኬታሚንና ዛይላዚን የሚባሉ መድሃኒቶችን ሆዷ ላይ በመርፌ መስጠት ነው። መሳሪያው ያላቸው ደግሞ አይሶፍሉሬን የተባለውን በትንፋሽ የሚገባ ማደንዘዣ ይጠቀማሉ። ኬታሚን እ.ኤ.አ. በ1962 የተሰራ፣ በእኛም ሀገር ሆስፒታሎች ለሰው የሚሰጥ መድሃኒት ነው። ዛይላዚን ግን የእንስሳት ብቻ ነው።

መጠኑን ተመልከቱ። አይጧ በኪሎ ከ75 እስከ 100 ሚሊግራም ኬታሚን ልትወስድ ትችላለች። ሰውን ግን በደም ሥር ሲሰጠው በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ያስተኛዋል። አካሉም የሚሰጥበት መንገድም ይለያያል። ስለዚህ «በአይጥ ላይ ተሞክሮ ሰርቷል» የሚል የቴሌግራም ማስታወቂያ አይታችሁ የሆነ ቅጠል በራሳችሁ መጥናችሁ እንዳትጠጡ።

ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ባለሙያው የእግር ጣቷን ቆንጠጥ ያደርጋል። እግሯን ከሳበች ገና ናት፣ ይጠበቃል። ትንሽ ሰውነት ቶሎ ስለሚበርድ ከስሯ ማሞቂያ ይደረጋል። ዓይኗ ተከፍቶ ስለሚቀር እንዳይደርቅ ቅባት ይቀባል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር፦ አይጥ ማስመለስ አትችልም። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በፊት አብዛኛውን ጊዜ ፆማ እንድትቆይ አያስፈልግም። እኛ ግን እናስመልሳለን፣ ተኝተን ካስመለሰን ደግሞ ምግቡ ሳንባ ሊገባ ይችላል። «አትብሉ፣ አትጠጡ» የምንላችሁ ለዚህ ነው።

📌 ማደንዘዣና ማስታገሻ አንድ አይደሉም

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። ማደንዘዣ በቀዶ ጥገናው ሰዓት እንዳይሰማን ያደርጋል። ቁስሉ ግን ማደንዘዣው ካለቀ በኋላም እዚያው አለ። አይሶፍሉሬን ሲዘጋ አይጧ በደቂቃዎች ውስጥ ትነቃለች፣ ህመሙም አብሯት ይነቃል። ስለዚህ እንደ ቡፕረኖርፊን ወይም ሜሎክሲካም ያለ ማስታገሻ ከመነቃቷ በፊት፣ ቢቻል ገና ሳትቆረጥ ይሰጣታል። ከዚያ በኋላም በሰዓቱ ይደገማል፣ እስክትጮህ አይጠበቅም።

ለምን አይጠበቅም? ምክንያቱም አይጥ ብዙ ጊዜ ህመሟን በጩኸት አትገልፅም! በዱር የምትታደን እንስሳ ስለሆነች ድክመቷን ካሳየች ትበላለች። ሰው ሲያያት ደህና መስላ ትቀመጣለች። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የአይጥን ፊት እያዩ ህመሟን የሚለኩበት ዘዴ አወጡ፦ ዓይኗ ጠበብ ይላል፣ አፍንጫና ጉንጯ ጠፍጠፍ ይላል፣ ጆሮዋና ፂሟ አቀማመጣቸው ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ወንድ ተመራማሪ አጠገባቸው ሲኖር አይጦች ከሽታው በሚመጣ ጭንቀት የተነሳ ህመማቸውን አሳንሰው እንደሚያሳዩ ታወቀ። በዝምታዋ ብቻ መፍረድ አይቻልም ማለት ነው።

📌 ይሄ ሁሉ ለአይጥ ለምን?

አንደኛ፣ ታማለችና። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣችው ህግ ለሙከራ እንስሳት ማደንዘዣ እንዲሰጥ አዛለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሳይንቲስቶች እስከዛሬ የምንመራባቸውን ሦስት መርሆች ፃፉ፦ ከተቻለ እንስሳውን በሌላ ዘዴ ተካ፣ ካልተቻለ ቁጥሩን ቀንስ፣ ስቃዩን አቅልል።

ሁለተኛ፣ ህመም ውጤቱን ያበላሻል። የታመመች አይጥ አትበላም፣ ክብደቷ ይቀንሳል፣ የጭንቀት ሆርሞኗ ይጨምራል፣ ቁስሏም ቶሎ ላይድን ይችላል። ከእንደዚህ አይነት አይጥ የተገኘ ቁጥር ስለ መድሃኒቱ ይሁን ስለ ህመሙ አይታወቅም።

ማስታገሻ ራሱ ሲፈተን ግን ለማወዳደር ሲባል ምንም ማስታገሻ የማያገኙ አይጦች ይኖራሉ። ለምሳሌ ሞቅ ያለ ሳህን ላይ አድርገው እግሯን እስክታነሳ ወይ እስክትልስ ሰከንድ ይቆጥራሉ። እዚያም ገደብ አለ፣ እግሯ ሳይጎዳ ትነሳለች። ከምንውጣቸው ማስታገሻዎች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ፈተና ያለፉ ናቸው።

📌 ወደ እኛ ስንመጣ

እኛም «ቻይ» መባል እንወዳለን። ሰውነታችን ግን እንደ አይጧ ነው። ህመሙን የዋጠ ሰው በደንብ አይተነፍስም፣ አያስልም፣ ከአልጋ አይነሳም። ያኔ የሳንባ ኢንፌክሽንና የእግር ደም መርጋት ሊከተል ይችላል። መናገር ለማይችሉት ደግሞ ይብሳል። እስከ 1980ዎቹ ድረስ በውጭ ሀገር ሳይቀር ብዙ አራስ ልጆች በቂ ማደንዘዣ ሳያገኙ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ነበር፣ «አይሰማቸውም» ተብሎ። የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች ማህበር ይህ ተቀባይነት እንደሌለው በግልፅ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ስለዚህ ቀዶ ጥገና ካለባችሁ፦

👉 ከቀዶ ጥገናው በፊት «ስነቃ ለህመሙ ምን ይሰጠኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለኦፕራሲዮን ወሊድ ከወገብ የሚሰጠው ማደንዘዣ በሰዓታት ውስጥ ይለቃል።

👉 በአብዛኛው ጠጣር ምግብ ከ6 ሰዓት፣ ውሃ ከ2 ሰዓት በፊት ይቆማል። የሆስፒታላችሁ ትዕዛዝ ከዚህ ከረዘመ እሱን ተከተሉ።

👉 በሰዓት የታዘዘን ማስታገሻ በሰዓቱ ውሰዱ። «ሲብስብኝ እውጣለሁ» አይሰራም፣ የበረታን ህመም መመለስ ከባድ ነው።

👉 ህመማችሁን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ተናገሩ። አስታማሚ ከሆናችሁ የህፃንና የአዛውንት ፊት እዩ፦ የተጨማደደ ግንባር፣ የተጨፈነ ዓይን፣ ምግብ እምቢ ማለት።

👉 አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ በላይ ፓራሲታሞል አይውሰድ። ክብደቱ ትንሽ የሆነ ወይም የጉበት ችግር ያለበት ከዚህም ያነሰ ነው የሚፈቀድለት። የጨጓራ ቁስለት ወይ የኩላሊት ችግር ያለባችሁና እርጉዞች ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ ሐኪም አትንኩ።

👉 ህመሙ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው ከጨመረ፣ ትኩሳት ወይ መግል ካለ፣ እግር ካበጠ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ማስታገሻ አትደራርቡ፣ ቶሎ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ።

ህመምን መናገር ድክመት አይደለም፣ የህክምናው አካል ነው። ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ።

መልካም ጤንነት!