ስንቅ የሌለው ዘር

የባቄላ ፍሬ ለሁለት ቢሰነጠቅ አብዛኛው ምግብ ነው። ሥርና ግንድ የምትሆነው ጠርዝ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ጫፍ ናት፤ የቀረው ሥር እስክትሰድና ቅጠል እስክታወጣ የምትበላው ስንቅ ነው። ኦርኪድ ግን ልጆቹን ያለ ስንቅ ነው የሚሰድዳቸው። አንድ የኦርኪድ ፍሬ ደርቆ ሲሰነጠቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር፣ በአንዳንዱ ዝርያ ከሚሊዮን የሚበልጥ ዘር ይበተናል። ዘሩ ከማነሱ የተነሳ ጣት ላይ ቢያርፍ አቧራ የነካን ይመስለናል። አብዛኛው ነፋስ ወስዶት ይቀራል።

ዛሬ በላብራቶሪ አበባ የሚያዳቅሉና የሚያባዙ ባለሙያዎች ሥራ በብዛት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሀብታሞች ለኦርኪድ የማይከፍሉት ዋጋ አልነበረም። በ1856 በኤክሰተር ከተማ፣ በቬይች ቤተሰብ የችግኝ ጣቢያ የሚሠራው አትክልተኛ ጆን ዶሚኒ ሁለት የካላንቴ ዝርያዎችን አዳቅሎ ያገኘው ተክል አበበለት። በሰው እጅ ተዳቅሎ ለማበብ የበቃ የመጀመሪያው ኦርኪድ ይህ ነው። ማዳቀሉ ራሱ ያን ያህል አይከብድም። የኦርኪድ ወንዴ ብናኝ እንደ ሌሎች አበቦች አይበተንም፤ ተጣብቆ ትንሽ እንክብል ይሠራል። በስቴኪኒ ጫፍ ይነሳና በሌላው አበባ ሴቴ አካል ላይ ይለጠፋል፤ አለቀ። መከራው የሚመጣው ዘሩ ሲዘራ ነው። አትክልተኞቹ በእናቲቱ ማሰሮ ውስጥ፣ ከሥሯ አጠገብ ሲዘሩት አንዳንዱ ይበቅላል፤ ሌላ ቦታ የዘሩት ግን ይጠፋል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

መልሱ በ1899 ተገኘ። ኖኤል ቤርናር የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ጫካ ውስጥ የበቀሉ የኦርኪድ ቡቃያዎችን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር በሁሉም ውስጥ የፈንገስ ክሮች አየ። ስንቅ ሳይዝ የወጣውን ዘር የሚቀልበው ፈንገሱ ኖሯል። የእናቲቱ ማሰሮ የተሻለውም ፈንገሱ ሥሯ ውስጥ ስለሚኖር ነው። ከዚያ በኋላ ቤርናር ራሱና ጀርመናዊው ሃንስ ቡርጌፍ ዘርና ፈንገስ አንድ ላይ በብልቃጥ ማብቀል ቻሉ። ይሁን እንጂ ቀላቢው አንዳንዴ በላተኛ ይሆንና ቡቃያውን ራሱን ይጨርሰዋል።

በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ክኑድሰን ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያዘው። ፈንገሱ ለዘሩ የሚሰጠው ምን ይሆን? ስኳር ከሆነ እኛው እንስጠው አለ። ማዕድናትንና ስኳርን ከባሕር አልጌ በሚሠራው አጋር አርግቶ፣ ብልቃጡን ከማንኛውም ተሕዋስ አጽድቶ ዘሩን ዘራበት፤ በቀለ። ሥራው በ1922 ሲታተም የኦርኪድ ማዳቀል ከጥቂት ባለጸጎች መዝናኛነት ወጥቶ ሙያ መሆን ጀመረ። ዛሬ በእንግሊዝ በሚያዘው ዓለም አቀፍ መዝገብ ላይ የሰፈሩት የኦርኪድ ዲቃላዎች ስም ከ100,000 በላይ ነው።

ዘሩ የሚዘራበት ጠርሙስ እንዴት እንደሚዘጋጅ ጠጋ ብሎ ማየት ደስ ይላል፤ ከምናስበው በላይ ከወጥ ቤት ሥራ ጋር ይቀራረባልና። ስኳርና ማዕድን ይመዘናል፣ አጋር ይገባበታል፣ ለኦርኪድ ከሆነ ብዙ ጊዜ የተፈጨ ሙዝ ወይም የኮኮናት ውሃ ይጨመርበታል። ከዚያ በአውቶክሌቭ ማለትም በትልቅ የግፊት ድስት በ121 ዲግሪ ሙቀት 15 ወይም 20 ደቂቃ ይቀቀላል። ስኳር ባለበት ሻጋታ የሚቀድመው የለምና አንዲት የሻጋታ ዘር ብትተርፍ ጠርሙሱ በሳምንት ውስጥ ነጭ ጥጥ ይለብሳል። ፍሬው ሳይሰነጠቅ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው የሚቆረጠው፤ ውስጡ ንጹሕ ነውና ማጽዳት የሚያስፈልገው ቆዳው ብቻ ነው። በሳሙና ይታጠባል፣ በበረኪና ይዘፈዘፋል፣ አልኮል ይነከርና በእሳት ላይ ሽው ይደረጋል። ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ጠረጴዛ ላይ በምላጭ ተሰንጥቆ ዘሩ ጠርሙሱ ውስጥ ይራገፋል። ከሳምንታት በኋላ ያ አቧራ ያብጥና አረንጓዴ ድብልብል ነገር ይሆናል፤ ቅጠል የሚያወጣው ቆይቶ ነው። ፋሌኖፕሲስ የተባለው ኦርኪድ አበባውን እስኪያሳይ ሁለት ሦስት ዓመት፣ ካትሊያ ደግሞ አምስትም ሰባትም ዓመት ይጠበቃል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን ሙያ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ኦርኪድ ዘሩ ሁሌም ያለ ስንቅ ነው የሚወጣው። በሌሎች አበቦች ግን ስንቁን የሚያጠፋው ማዳቀሉ ራሱ ነው። ሊሊን እንውሰድ። ከጃፓንና ከታይዋን ደሴቶች የመጣው ነጭ፣ መለከት መሳዩ ሊሊ አለ፤ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ቀይ የሆኑት የእስያ ዲቃላዎች ደግሞ በሌላ ወገን አሉ። የአንዱን ቅርጽ ከሌላው ቀለም ጋር ማገናኘት የአዳቃዮች የቆየ ምኞት ነበር። ችግሩ ግን ተደራራቢ ነው። የወንዴው ብናኝ ሴቴው ጫፍ ላይ ያርፍና ቱቦውን ወደ እንቁሎቹ መዘርጋት ይጀምራል፤ ባዕድ ስለሆነበት ረጅሙ የአበባው አንገት መሐል ላይ ይቆማል። ለዚህ መላው አንገቱን ወደ ታች ጠጋ አድርጎ ቆርጦ ብናኙን ቁራጩ ላይ መለጠፍ ነው፤ በ1970ዎቹ የጃፓን ተመራማሪዎች በሊሊ ላይ ያሳወቁት ዘዴ ነው። ጽንሱ ከተፈጠረ በኋላም የሚመግበው ኢንዶስፐርም አይሠራለትም ወይም ይበላሽበታል፤ ጽንሱ በእናቱ ውስጥ በረሃብ ይሞታል። ስለዚህ ከመሞቱ በፊት፣ ብናኙ ከተለጠፈ በኋላ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት መካከል፣ በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌ ወጥቶ ስኳር ያለው አጋር ላይ ይቀመጣል። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ላይባክ ይህንኑ በተልባ ዘመዶች ላይ በ1925 አድርጎት ነበር።

አድጎ ያበበው ዲቃላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናል። ከእናቱ 12፣ ከአባቱ 12 ክሮሞሶም ቢወርስም ሁለቱ ወገኖች ተዛማጃቸውን አያገኙምና ዘር ሲሠራ በትክክል አይከፋፈሉም። ኮልቺሲን የተባለው መርዝ፣ ያው ለሪህ በመድኃኒትነት የሚታዘዘው፣ የሕዋሱን ክፍፍል አቋርጦ ክሮሞሶሙን ወደ 48 ያጥፈዋል። ያኔ እያንዳንዱ ጥንድ ይኖረዋል፤ ተክሉም ዳግም መዳቀል ይችላል። በዓለም የአበባ ገበያ ላይ ከሚሸጡት ሊሊዎች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁለት ወገኖች የተገኙ ናቸው።

እስካሁን ያወራነው ስለ ዘር ነው። ምርጡ ዲቃላ ከተገኘ በኋላ ግን ዘሩ አይጠቅምም፤ ዲቃላ በዘር ሲባዛ ልጆቹ ይበታተናሉ፣ አንዱም እሱን አይመስል። በ1960 ፈረንሳዊው ጆርጅ ሞሬል በቫይረስ የታመመ ሲምቢዲየም ኦርኪድን ለማዳን ቫይረሱ ያልደረሰበትን የቡቃያ ጫፍ ቆርጦ አሳደገ። ቁራጩ ከዘር እንደሚወጡት ያሉ ድብልብሎችን አወጣ፤ እነሱ ሲቆራረጡ ደግሞ ሌሎች ወጡ። በዚህ መንገድ ከአንድ ተክል ሺዎች ይገኛሉ። ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ኦርኪድ በሱፐርማርኬት የሚሸጠው ከዚህ የተነሳ ነው። የራሱ ጣጣ ግን አለው፤ አንድ መስመር ደጋግሞ ሲባዛ አበባቸው የተንሸዋረረ ተክሎች ይመጣሉ፤ ጉዳዩ የሚታወቀውም ከዓመታት በኋላ ሲያብቡ ነው።

ይህ ተክልን ከቁራጭ በጠርሙስ ውስጥ የማሳደግ ሥራ ቲሹ ካልቸር ይባላል፤ እኛ ዘንድ ስሙ ሲነሳ ጂኤምኦ፣ ማለትም ጂኑ የተለወጠ ፍጡር ነው ብሎ የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም። ጂን ማስገባት ሌላ ሥራ ነው፤ እዚህ ካወራናቸው ዘዴዎች አንዳቸውም ባዕድ ጂን በቀጥታ ወደ ተክሉ አያስገቡም። የሞሬል ዘዴ ከእንሰት ችግኝ አፈላል ብዙም አይርቅም፤ አነስተኛና የጸዳ ሆኖ ነው እንጂ። በሀገራችንም ቲሹ ካልቸር ከአበባ ይልቅ ለምግብና ለገንዘብ ሰብል ነው የዋለው። በጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የዲቃላ ቡና ችግኝ የሚባዛበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ቡናችን ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ስለሆነ የዲቃላ ዘር ለማግኘት በየወቅቱ አበባውን አንድ በአንድ በእጅ ማዳቀል ግድ ይላል፤ ገበሬው ከዲቃላው የለቀመውን ዘር ቢዘራ ደግሞ የሚያገኘው የተደበላለቀ ልጅ ነው። ከቅጠል ቁራጭ ችግኝ ማውጣት ሁለቱንም ያስቀራል።

አስቸጋሪው ምዕራፍ ከጠርሙስ መውጫው ነው። ስኳር እየላሰ በእርጥብ አየር ያደገ ቡቃያ ቅጠሉ በወጉ ሰም አይለብስም፣ የቅጠሉም ቀዳዳዎች መዘጋት አይችሉም፤ ሜዳ ላይ ቢወጣ በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋል። አጋሩ ሻጋታ እንዳይጠራ ሥሩ በውሃ ይታጠባል፣ ችግኙ በላስቲክ ተሸፍኖ ጥላ ሥር ይተከላል፣ ላስቲኩም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገለጠ ለሳምንታት ይለማመዳል። ላብራቶሪ ውስጥ የተሳካ ሥራ ሁሉ እዚህ ሊከስር ይችላል፤ ጥሩ የቲሹ ካልቸር ማዕከል ለሳይንቲስቱ የሚጠነቀቀውን ያህል ለችግኝ ጣቢያ ሠራተኛው የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው።