የልብ ድካም የመሰለው ካንሰር

ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል። ማታ እግርዎ ያብጣል፤ ብድግ ሲሉም ያዞርዎታል። ምን ይላሉ? «ሁለት ሺፍት እየሠራሁ ባይደክመኝ ነው የሚገርመው!» ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የልብ ድካም ነው። ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬው ልክ ነው። ዛሬ የምናወራው ግን ልክ ስለማይሆንበት ጊዜ ነው።

ሊምፎማ የሚባለውን ካንሰር ብዙዎቻችን የምናውቀው አንገት ሥር፣ ብብት ወይም ብሽሽት ላይ በሚወጣ እብጠት ነው። የሚነሳው በሽታን ከሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች መላ ሰውነታችንን ስለሚዞሩ ካንሰሩ ያልታሰበ ቦታ ሊያርፍ ይችላል። አንዳንዴ ከሌላ ቦታ ተነስቶ ልብ ይደርሳል። መነሻው ራሱ ልብ የሆነው ሊምፎማ ግን እጅግ ብርቅ ነው፤ ከልብ የሚነሱ ዕጢዎች ራሳቸው ጥቂት ሆነው ሳለ ከእነሱም ከመቶ 1 ወይም 2 ቢሆን ነው።

የሚያሳስተው አመጣጡ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያድገው በልብ ቀኝ በኩል፣ በተለይም በላይኛው ክፍል ነው። የልብን ምት የሚያስተላልፈው የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፈውም በዚያው አካባቢ ነው። ዕጢው መስመሩን ሲወር ምቱ ይዘገያል፤ ሰውየው ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ፔስሜከርም ሊገባለት ይችላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ልብን በሸፈነው ከረጢት ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። እንደኛ ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ይሄኛው ተጨማሪ ጣጣ አለው። እንዲህ ያለ ውሃ ሲገኝ ቲቢ ይጠረጠራል፤ ደግሞም ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ግን ትኩሳቱ፣ የሌሊት ላቡና የክብደት መቀነሱ በሁለቱም አለ። የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ለውጥ ካልታየ «ውሃው ተመረመረ? ምን ተገኘበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የልብ አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ዕጢው የት እንዳለ ያሳያሉ። ዓይነቱን የሚለየው ግን ከዕጢው የሚወሰድ ናሙና፣ አንዳንዴም በውሃው ውስጥ የሚገኙት ሴሎች ናቸው። «ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል። ይህ ወሬ እዚህ ላይ ሰው ይጎዳል። ምክንያቱም ሌሎች የልብ ዕጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ የሊምፎማ ዋና ሕክምና መድኃኒት ነው። ሳይለይ ደረት መክፈትም፣ ሳይለይ መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል፤ በሽታው ፈጣን ነውና።

አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሊምፎማ የሚታከመው በጥቂት የኬሞ መድኃኒቶችና በሪቱክሲማብ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ይሰጣል። ሪቱክሲማብ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ሕክምናው ቀላል አይደለም። ዕጢው የልብን ግድግዳ ከበላ በኋላ በአንዴ ሲሟሽሽ ግድግዳው ሊሳሳ ይችላል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ዶክሶሩቢሲንም ራሱ ልብን ይጎዳል። ስለዚህ ሐኪሞች ሲጀምሩ በጥንቃቄ፣ ልቡን እየተከታተሉ ነው። ሁሉም አይድንም። ነገር ግን ዕጢው ሲሟሟ ተቋርጦ የነበረው የልብ መስመር ተመልሶ ምቱ የተስተካከለላቸው ሕሙማን በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ሐኪሙ «ሌላ የሚሰማዎት ነገር አለ?» ሲል የሚያስተረጉመው ማነው? ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። አባት ልብሱ እስኪርስ ማላቡን ልጁ ፊት መናገር ያፍራል። የ12 ዓመት ልጅስ «ብሽሽት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ከየት ያመጣዋል? አዋቂ ልጅ ከሆነ ደግሞ «ካንሰር» የሚለውን ቃል ሰምቶ ለእናቱ «ትንሽ እብጠት ናት» ይላታል። በደግነት ነው፤ እናት ግን በማታውቀው በሽታ ስለ ናሙናው መወሰን አትችልም።

እዚህ አሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፤ በስልክም ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሲይዙ «አማርኛ» ይበሉ። ላቡን፣ የቀነሱትን ኪሎ፣ ያገኙትን እብጠት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም በወረቀት ጽፈው ይያዙ።