የድሮ የተራራ መውጣት መጽሔቶች የኅትመትና የባለቤትነት ታሪክ

የተራራ መውጣት መጽሔቶች ስለ ተራራ፣ ስለ አለትና ስለ በረዶ ግግር መውጣት ዜና፣ የጉዞ ዘገባ፣ ፎቶግራፍና ክርክር የሚያወጡ ወቅታዊ ኅትመቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ክለቦች ተጀመሩ፤ ለገበያ የሚሸጡት ግን በብዛት የታዩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ ያሉትም ስማቸው ተለውጦ፣ ከሌላ ጋር ተቀላቅለው ወይም ባለቤታቸው ደጋግሞ ተቀያይሮ ነው የሚገኙት። ስለዚህ የአንድን የድሮ መጽሔት ታሪክ የሚያጣራ ሰው ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል፦ መጽሔቱን ማን፣ የትና መቼ አሳተመው? በውስጡ ያለው ጽሑፍና ፎቶግራፍስ ዛሬ የማን ነው? የሁለቱ መልስ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለሰብሳቢዎች ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ተራራ በየትኛው ወገን፣ በማን መጀመሪያ እንደተወጣ የሚመሰክረው ብቸኛ ሰነድ አንዳንድ ጊዜ የአንድ መጽሔት ግማሽ ገጽ ዜና ነው። ባለቤቱ ካልታወቀ ቤተ መጻሕፍት ገጹን ቀርጾ ለሕዝብ ለማውጣት ያመነታል፤ መጽሐፍ አሳታሚም ፎቶግራፉን ይተወዋል። በሌላ በኩል ባለቤቱ ሳይጠየቅ ሥራው ከወጣ፣ ድሮ በትንሽ ክፍያ ወይም ያለ ክፍያ ሥራቸውን የሰጡ ፎቶግራፍ አንሺዎችና ወራሾቻቸው ይጎዳሉ።

የክለብ መጽሔቶች

ለማጣራት ቀላሉ የክለብ መጽሔት ነው። በ1857 በለንደን የተመሠረተው አልፓይን ክለብ በ1859 በጆን ቦል አዘጋጅነት የአባላቱን የጉዞ ታሪኮች በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1863 ደግሞ «አልፓይን ጆርናል»ን ጀመረ። ይህ መጽሔት በዓለም የመጀመሪያው የተራራ መውጣት መጽሔት ተብሎ ይቆጠራል፤ ዛሬም ይወጣል፣ የክለቡም ነው። የአሜሪካ አልፓይን ክለብ «አሜሪካን አልፓይን ጆርናል» እና የሂማላያ ክለብ «ሂማላያን ጆርናል» ሁለቱም የተጀመሩት በ1929 ነው፤ እነሱም ከመሥራቾቻቸው እጅ አልወጡም።

ሆኖም ክለቦችም ይዋሃዳሉ። በ1907 የተመሠረተው የሴቶች አልፓይን ክለብ የራሱ የዓመት መጽሐፍ ነበረው። በ1975 ክለቡ ከአልፓይን ክለብ ጋር ስለተዋሐደ፣ የሴቶቹን ኅትመት የሚከታተል ሰው ዱካውን ወደ ሌላ ማኅደር ማዞር አለበት። በአሜሪካ ሲየራ ክለብ በ1967 በአለን ስቴክና በስቲቭ ሮፐር አዘጋጅነት የጀመረው «አሴንት» ደግሞ ከጊዜ በኋላ ከክለቡ ወጥቶ በንግድ አሳታሚ ሥር ገብቷል።

ሳሚት

«ሳሚት» በ1955 በካሊፎርኒያ፣ ቢግ ቤር ሌክ በተባለች የተራራ ከተማ ተጀመረ። በአሜሪካ የመጀመሪያው ወርኃዊ የተራራ መውጣት መጽሔት ነው። መሥራቾቹ ጂን ክሬንሾና ሄለን ኪልነስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ሲሆኑ፣ የተዋወቁት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሲያገለግሉ ነበር። ከ30 ዓመት በላይ መጽሔቱን ያዘጋጁትም ያሳተሙትም እነሱው ናቸው። ታዋቂው አለት ወጪ ሮያል ሮቢንስም በ1960ዎቹ ከአዘጋጆቹ መካከል ነበር።

የሳሚት የአዘጋጆች ዝርዝር ለተመራማሪ ወጥመድ አለው። በዚያ ዘመን መጽሔቱ የሴቶች መሆኑ ቢታወቅ አንባቢ ይሸሻል ብለው ስለሰጉ፣ ክሬንሾ የስሟን አጻጻፍ የወንድ እንዲመስል አድርጋ ለወጠችው፤ ኪልነስም ከአባቷ ስም በፊት የመጀመሪያ ፊደላትን ብቻ ትጠቀም ነበር። የታተመውን ስም ብቻ ያየ ሰው መጽሔቱን የሁለት ወንዶች ሥራ አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል።

በ1989 ሁለቱ ሴቶች መጽሔቱን ሸጡ። ከዚያ በኋላ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጣ ሆኖ በጆን ሃርሊን ሣልሳዊ ዋና አዘጋጅነት ቀጠለ፤ በ1996 ተቋረጠ። በ2023 ጋዜጠኛው ማይክል ሌቪ መብቱን መግዛቱ ተሰማ፤ በቀጣዩ ዓመት «ሳሚት ጆርናል» በሚል ስም በወረቀት ብቻ የሚታተም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጣ መጽሔት ሆኖ ተመለሰ። እንግዲህ «ሳሚት» የሚለው አንድ ስም ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ኅትመቶችን ይሸፍናል። የመጨረሻው ገዢ ስሙን አገኘ ማለት በ1962 የታተመ ፎቶግራፍም ሁሉ የሱ ሆነ ማለት አይደለም። ምክንያቱ ከታች በቅጂ መብት ክፍል ተብራርቷል።

ማውንቴን

የእንግሊዙ «ማውንቴን» የመጣው ከሌላ መጽሔት ውስጥ ነው። ኬን ዊልሰን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ1968 «ማውንቴን ክራፍት» የተባለውን፣ በወጣቶች ማረፊያ ቤቶች ማኅበር ሥር የነበረውን መጽሔት ተረከበ፤ በጥር 1969 ስሙንም መልኩንም ለውጦ «ማውንቴን» ቁጥር 1ን አወጣ። መጽሔቱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በዓለም ዙሪያ ይነበብ ጀመር። ራይንሆልድ ሜስነር በአለት ላይ ብሎን እየተከሉ መውጣትን የተቃወመበት ዝነኛ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1971 በዚሁ መጽሔት ነው። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ማይስትሪ በ1959 የፓታጎኒያውን ሴሮ ቶሬ ወጣሁ ማለቱንም መጽሔቱ አጥብቆ መርምሯል።

ዊልሰን በ1978 ከአዘጋጅነት ወጥቶ ወደ መጽሐፍ አሳታሚነት ዞረ። «ማውንቴን» በሌሎች አዘጋጆች እስከ 1992 ቆየ። ከዚያ በኋላ የዓለም አቀፍ ጉዞዎች ዜና አምዱ ወደ «ሃይ» መጽሔት ተዛወረ። አንባቢ ያው አምድ እንደቀጠለ ነው የሚያየው፤ በባለቤትነት ሰንሰለቱ ግን መጽሔቱ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ የአምድ መሻገር በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ላይ አይመዘገብም፤ የሚገኘው ሁለቱን መጽሔቶች ጎን ለጎን ገልጦ በማየት ብቻ ነው።

ወደ ትልልቅ ኩባንያዎች

«ክላይሚንግ» በ1970 በኮሎራዶ፣ አስፐን ተጀመረ። ከ1974 ጀምሮ ማይክል ኬኔዲ ለሃያ ዓመታት ያህል መራው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ለትልቅ አሳታሚ ድርጅት ከተሸጠ በኋላ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው ተላለፈ። በ2020 ፖኬት አውትዶር ሚድያ ገዛው። ይህ ኩባንያ በ2021 «አውትሳይድ» መጽሔትን ገዝቶ የራሱንም ስም አውትሳይድ አደረገ። በዚያው ዓመት በ1984 የተጀመረውና የክላይሚንግ ዋና ተፎካካሪ የነበረው «ሮክ ኤንድ አይስ» በዚሁ ኩባንያ ሥር ገብቶ ከክላይሚንግ ጋር ተዋሐደ። ለዐሥርተ ዓመታት ሲፎካከሩ የኖሩ ሁለት ማኅደሮች ዛሬ በአንድ ቤት ናቸው ማለት ነው።

«አልፒኒስት» ሌላ መንገድ ሄደ። በ2002 በዋዮሚንግ፣ ጃክሰን ተጀምሮ በ2008 መገባደጃ በገንዘብ እጦት ተዘጋ፤ በ2009 መጀመሪያ በቬርሞንት የሚገኝ አሳታሚ ገዝቶ ቀጠለው። በጃፓን ደግሞ «ኢዋ ቶ ዩኪ»፣ ትርጉሙ «አለትና በረዶ»፣ ከ1958 እስከ 1995 በያማ ቶ ኬይኮኩ አሳታሚ ድርጅት ወጥቷል። አሳታሚው ዛሬም ስለሚሠራ በዚህ በኩል ነገሩ ቀለል ይላል።

ማስረጃ የሚገኝባቸው ቦታዎች

ምርመራ የሚጀመረው ከራሱ ከመጽሔቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ገጾች የአዘጋጆች ስም፣ የአሳታሚው አድራሻና የቅጂ መብት መግለጫ ይገኛሉ። አንድ እትም ማየት ግን አይበቃም፤ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ እትም ተገልጦ ስም ወይም አድራሻ የተለወጠበት ወር መለየት አለበት። ቤተ መጻሕፍት ቅጾችን ሲጠርዙ ሽፋኑንና የማስታወቂያ ገጾችን የመጣል ልማድ ስለነበራቸው፣ የተጠረዘ ቅጽ ከነጠላ እትም ያነሰ መረጃ የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

በአሜሪካ የተሻለ ሰነድ አለ። በነሐሴ 1912 የወጣ ሕግ በቅናሽ የፖስታ ዋጋ የሚላኩ ጋዜጦችና መጽሔቶች የአሳታሚያቸውን፣ የአዘጋጃቸውንና የባለቤታቸውን ስም በየጊዜው እንዲያስታውቁ አስገደደ። ከድርጅቱ አክሲዮን 1 በመቶና ከዚያ በላይ የያዙ ሰዎች፣ እንዲሁም ገንዘብ ያበደሩ የቦንድ ባለቤቶች ጭምር ይጠቀሳሉ። መግለጫው በዓመት አንድ ጊዜ በመጽሔቱ ውስጥ ይታተማል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት እትሞች የኋላ ገጾች በደቃቅ ፊደል ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የታተመውና የተሸጠው ቅጂ ብዛትም ይጨመርበታል። አዘጋጆች ስለ ሥርጭታቸው በማስታወቂያ ከሚናገሩት ይልቅ ይህን ማመን ይሻላል።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ላሉ መጽሔቶች ባለ 8 አኃዙ ዓለም አቀፍ የተከታታይ ኅትመቶች ቁጥር ይረዳል። መጽሔት ስሙን በጉልህ ሲለውጥ አዲስ ቁጥር ስለሚሰጠው፣ የቁጥሩ መለወጥ ስሙ የተለወጠበትን ጊዜ ያመለክታል። ባለቤት ብቻ ሲለወጥ ግን ቁጥሩ አይለወጥም። በብሪታንያ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት የፈረሱ ድርጅቶችን ሰነድ ጭምር ስለሚይዝ፣ አሳታሚው ኩባንያ መቼ እንደተቋቋመና እንደተዘጋ ከዚያ ማወቅ ይቻላል።

የቅጂ መብት

መጽሔት ሲሸጥ በተለምዶ የሚተላለፉት ስሙ፣ የደንበኞች ዝርዝርና ሻጩ ራሱ የነበረው መብት ናቸው። ሻጩ ያልነበረውን መሸጥ አይችልም። በአሜሪካ ሕግ የመጽሔቱ አጠቃላይ ቅንብር መብትና የእያንዳንዱ ጽሑፍ መብት የተለያዩ ናቸው፤ ከ1978 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ደግሞ ደራሲው በፊርማ የተረጋገጠ ጽሑፍ ካልሰጠ በቀር መብቱ አይተላለፍም። በመጽሔቶቹ ላይ ይጽፉ የነበሩት በብዛት ተቀጣሪ ያልሆኑ ተራራ ወጪዎች ስለነበሩ፣ የብዙው ነገር ባለቤት እነሱ ወይም ወራሾቻቸው ናቸው። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታሲኒ ጉዳይ አሳታሚዎች የነጻ ጸሐፊዎችን ሥራ ነጣጥለው በኤሌክትሮኒክ የመረጃ ቋት ማውጣት እንደማይችሉ ወሰነ። በናሽናል ጂኦግራፊክ ላይ በቀረቡ ክሶች ግን የይግባኝ ፍርድ ቤቶች፣ የድሮው ገጽ እንዳለ ሳይነጣጠል ከተቀረጸ አሳታሚው መብት እንዳለው ፈርደዋል። ከዚህ የተነሳ የድሮ መጽሔትን ሙሉ ገጽ ማሳየትና ከገጹ ፎቶግራፉን ብቻ ቆርጦ ማውጣት በሕግ ፊት እኩል አይደሉም።

ዕድሜም ወሳኝ ነው። ከ1964 በፊት በአሜሪካ የታተመ ሥራ የቅጂ መብቱ በ28ኛው ዓመት ካልታደሰ ለሕዝብ ነጻ ሆኗል። የ1955 የሳሚት እትም መታደስ የነበረበት በ1983 አካባቢ ነው፤ ከ1978 ወዲህ ያሉት እድሳቶች በቅጂ መብት ቢሮው የኮምፒውተር ማውጫ ስለሚገኙ ፍለጋው የደቂቃዎች ሥራ ነው። መጽሔቱ ሳይታደስ አንድ ደራሲ የራሱን ጽሑፍ ለብቻው አድሶ ሊሆን ስለሚችል ግን በደራሲው ስምም መፈለግ ያስፈልጋል። ከ1964 እስከ 1977 ባለቤቱን ገልጸው የታተሙት ያለ ማመልከቻ ታድሰው መብታቸው 95 ዓመት ይቆያል።

የብሪታንያ ሕግ ሌላ ነው፤ መብቱ ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል። ከነሐሴ 1989 በፊት በትዕዛዝና በክፍያ የተነሳ ፎቶግራፍ መብት፣ ሌላ ውል ከሌለ፣ የአዛዡ ነበር። ስለዚህ በ1970ዎቹ «ማውንቴን» ላይ የወጣ ፎቶግራፍ በአዘጋጁ ታዝዞ የተነሳ ነው ወይስ ተራራ ወጪው አንስቶ የላከው የሚለው ጥያቄ ባለቤቱን ይለውጣል። አሳታሚው ኩባንያ መብቱን ለማንም ሳያስተላልፍ ከፈረሰ ደግሞ ንብረቱ፣ የቅጂ መብቱን ጨምሮ፣ ባለቤት አልባ ንብረት ሆኖ ለዘውዱ ይተላለፋል፤ የተዘጋ የተራራ መጽሔት ባለመብት የእንግሊዝ መንግሥት ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ አለ ማለት ነው። በቅን ፍለጋ ባለቤቱ ያልተገኘ ሥራ ከ2014 ጀምሮ ከአእምሯዊ ንብረት ቢሮው በክፍያ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሊገኝለት ይችላል። ፈቃዱ በአንድ ጊዜ እስከ 7 ዓመት የሚሰጥ ሲሆን የሚጸናው በዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ብቻ ነው።