ጓያና የደረቀ እግር

በደጎሎና አካባቢው ባለው ጥቁር አፈር፣ ድርቅ ሌላውን እህል ሲያስቀርብን ጓያ ይተርፈናል። እንወደዋለን፤ እንፈራዋለንም። «የቅቅሉ እንፋሎት መታው»፣ «ገለባው ላይ ተኝቶ ነው» ሲባል እንሰማለን። መርዙ ግን ያለው ፍሬው ውስጥ ነው። ጓያን ለሁለት ለሦስት ወር ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው፣ በተለይ ወጣት ወንድ፣ እግሩ ደርቆ በምርኩዝ መሄድ ሊጀምር ይችላል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ደላንታና ዳውንት ላይ በወረርሽኝ መልክ የታየው ይኸው ነው።

አንዴ የደረቀ እግር ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ መድኃኒት ቢያለዝበው ነው። «ጂን ነው» እያልን ስንንከራተትም በሽተኛው ጓያውን መብላት አያቆምም፤ ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋር መቀላቀል፣ ቅቅሉንና እሸቱን መቀነስ አደጋውን ያቀልላል። «እግሬ ከበደኝ» ያለ ሰው ግን የዚያኑ ቀን ጓያውን ትቶ ጤና ጣቢያ ይሂድ።