ጤዛ (ፊልም)

ጤዛ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሕዝብ የቀረበ፣ በኃይሌ ገሪማ ተጽፎ የተዘጋጀ የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ከተማ ተወለደ። አባቱ «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘውን መጽሐፍ የጻፉት ገሪማ ታፈረ ናቸው። ፊልሙ የደርግን ዘመን ሽብር በአንድ የተማረ ሰው ሕይወት በኩል ያሳያል።

ታሪኩ

ዋናው ገጸ ባሕርይ አንበርብር ይባላል። ሕክምና ለመማር ወደ ጀርመን ሄዶ፣ ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለማገልገል አዲስ አበባ ይመለሳል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ደግሞ አንድ እግሩን አጥቶ በጣና ሐይቅ አቅራቢያ ወዳለው የትውልድ መንደሩ ይገባል። ያለፈው ነገር በቅዠትና በቁርጥራጭ ትዝታ ስለሚመጣበት፣ ተመልካቹም ታሪኩን የሚያውቀው ከእርሱ ጋር ቀስ በቀስ ነው።

የፖለቲካ ውክልና

በጀርመን ያሉት ተማሪዎች ስለ አብዮት በጋለ ስሜት ይከራከራሉ። አገር ቤት ሲመለሱ ግን የተመኙት ለውጥ በጥርጣሬና በግድያ ተተክቶ ያገኙታል። የአንበርብር የቅርብ ጓደኛ ተስፋዬ አዲስ አበባ ውስጥ ይገደላል።

በመንደሩ ያለው ፍርሃት ከወታደር አፈሳ የሚመጣ ነው። ደርግ በ1975 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ ዜጎች ብሔራዊ የውትድርና ግዴታ ተጥሎባቸው ነበር። በፊልሙ ልጆች ከአፈሳው ለማምለጥ ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። ጦርነቱ ከግንባሩ ይልቅ ልጇን በምትፈልግ እናት ጭንቀት ይታያል።

ሆኖም ክፉው ሁሉ በአንድ መንግሥት ላይ አይደፈደፍም። አንበርብር እግሩን የሚያጣው በአገሩ ሳይሆን በምሥራቅ ጀርመን ዘረኞች ባደረሱበት ጥቃት ነው። በመሆኑም ለስደተኛው ምሁር አውሮፓም፣ አዲስ አበባም፣ መንደሩም ሙሉ መጠለያ አይሆኑም።

የማኅበረሰብ ውክልና

መንደሩ እንደ ገነት አልተሣለም። እናቱ ሕመሙን በጸበል ለማዳን ይጥራሉ፤ የተማረው ልጃቸው ደግሞ የሚጠበቅበትን መፍትሔ ማምጣት ይሳነዋል። የመንደሩ ሰዎች ያገለሏት አዛኑ በእናቱ ቤት ተጠግታ ትኖራለች። እርሷና አንበርብር የሚቀራረቡት ሁለቱም በየራሳቸው ቁስል ከሌላው የተለዩ በመሆናቸው ነው። በመጨረሻ አዛኑ ልጅ ትወልዳለች፤ አንበርብርም የመንደሩን ልጆች ማስተማር ይጀምራል። ፊልሙ ተስፋውን የሚያኖረው ከመፈክር ይልቅ በዚህ አነስተኛ ሥራ ላይ ነው።

ርእሱ

ጤዛ በማለዳ ሣር ላይ የሚያርፍ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚጠፋ የውሃ ጠብታ ነው። በፊልሙ ቶሎ ያለፈውን የልጅነት ዘመንና የአንድን ትውልድ ተስፋ ያስታውሳል።

ሽልማቶች

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በዋጋዱጉ በተካሄደው የፌስፓኮ ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋን የወርቅ ፈረስ፣ ተቀብሏል።