ማሲንቆ የጣሪያ ጭነት አይደለም

ሰሞኑን የአንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ ከጎንደር ደባርቅ ሄዶ ያቀረበው ዝግጅት ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። ልጆቹ ከቅኝት ወጥተዋል፤ አልክድም። ግማሹ ሰው «አልተለማመዱም» ይላል፣ ግማሹ «የደባርቅ ከፍታ ነው ድምፁን ያወረደው» እያለ ይተነትናል። እኔ መሣሪያ እየጠገንኩና እየቃኘሁ የምኖር ሰው ነኝ፤ በዚህ ጉዞም አብሬያቸው ነበርኩ። እነዚህ ልጆች ትዝታንና አንቺ ሆዬን ከእንቅልፍ ቢቀሰቅሷቸው ይጫወቱታል። ስማቸው በማያውቅ ሰው ሲጠፋ ዝም አልልም። በተራ ላስረዳ።

1. ከፍታ ቅኝት አያወርድም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850። አየሩ ይሳሳል፣ እሱ ልክ ነው። ዋሽንት ነፊው ቶሎ ይደክመዋል፣ ድምፃዊቷም በስንኝ መሃል ትንፋሽ ትወስዳለች። ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። የአየሩ ግፊት ሲቀንስ እፍጋቱም አብሮ ስለሚቀንስ የድምፅ ፍጥነት ባለበት ይቆያል። ፍጥነቱን የሚለውጠው ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። እባካችሁ ይህን «ከፍታ ከፍታ» የሚል ወሬ ተዉት።

2. ቅዝቃዜው መሣሪያዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ወገን አይወስዳቸውም። አየሩ 20 ዲግሪ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 10 ዲግሪ ሲሆን ወደ 337 ይወርዳል። በዚህ ምክንያት ብቻ ዋሽንት የሴሚቶን ሲሶ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ክራሩ የታሰረበት የብረት ክር ደግሞ ብርድ ሲነካው ይኮማተራል፣ ይወጠራል፣ ድምፁ ይወጣል። ኪቦርዱ ከ440 ኸርዝ ንቅንቅ አይልም። እንግዲህ አንዱ ወረደ፣ አንዱ ወጣ፣ አንዱ ባለበት ቆመ። በደባርቅ የጥር ጠዋት፣ በሜዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ክራር መቃኛ አለው፣ ይስተካከላል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላ ምንም አታደርጉትም፤ በትንፋሽና በእጅ ማሞቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋሽንቱን አሙቁና ሌላውን ሁሉ በሱ ቃኙ፤ ኪቦርዱንም ከማስተካከያው ገብታችሁ ወደ ዋሽንቱ አውርዱት። በኪቦርድ ዋሽንት ለመቃኘት የሚታገል አስተማሪ ሳይ ያናድደኛል።

ደግሞም ቃኝተን ጨርሰን ነበር። ከዚያ የእንግዶች ንግግር ተጀመረ፣ ሌላ ንግግር ተከተለ፣ መሣሪያው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ልጆቹ «ቀጥሉ» ሲባሉ እንደገና ለመቃኘት አምስት ደቂቃ ለመንኩ፤ ተከለከልኩ።

3. ጭነት። ዋናው በደል እዚህ ጋ ነው።

ስንነሳ የአውቶቡሱ የፊት ወንበሮች በሸኚ ኃላፊዎች ተይዘው ነበር። ስንት ሰው ከአንድ የልጆች ክበብ ጋር አበል ቆርጦ እንደሚሄድ ብታዩ ትገረማላችሁ። መሣሪያው ወደ ፖርቶመጋላ ወጣ። ማሲንቆውን የምትጫወተው ልጅ እቅፏ ውስጥ ልትይዘው ትችል ነበር፤ «መተላለፊያ ይዘጋል» ተባለች። አምባጊዮርጊስ ላይ ረዳቱ የድንች ጆንያ ጭኖ በላዩ አሰረበት። ዳባት ለምሳ ስንቆም ወጥቼ ፈታሁት። የፊቱ የፍየል ቆዳ በአንደኛው ጠርዝ፣ ከስፌቱ ሥር፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ተቀዷል። ብርኩማው ተንሸራቶ ወድቋል። የፈረስ ጭራው ከአንገቱ ላይ እንደተበተነ ፀጉር ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ምንም አልተናገረችም፤ ምሳም አልበላችም።

ቆዳ ምን እንደሆነ ላስታውስ። እርጥበት ሲነካው ይረግባል፣ ፀሐይ ሲመታው ይወጠራል። በአንድ ቀን ውስጥ ከጠዋት ጤዛ ወደ ወገራ የቀትር ፀሐይ ስታወጡት፣ ከዚያ ላይ ክብደት ስትጭኑበት፣ መቀደዱ የግድ ነው። ከበሮ እንኳ ይህን አይችልም። ጎንደርን የሚያህል የአዝማሪ አገር ውስጥ ይህን ማስረዳት ያሳፍራል። አዝማሪ በእግሩ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር ማሲንቆውን ከብብቱ አይለይም፤ አህያ ላይ ሲጭነው ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ስንመለስ ደግሞ ንብረት ክፍል ጠየቀኝ። ማሲንቆው በሞዴል 22 ወጪ ሆኗል፣ «እንዳለ» ተብሎ መመለስ አለበት፣ ካልሆነ በልጅቷ ስም ዕዳ ይጻፋል። ጆንያውን የጫነው ረዳት አይጠየቅም፣ ወንበር የያዘው ኃላፊ አይጠየቅም፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትጠየቃለች! ለአበል የሚሆን ገንዘብ ሲገኝ ለአንድ እጅ የክራር ክር «በጀት የለም» ይባላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ገብቷል፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በብዙ ትምህርት ቤት ግን ክራር በመጽሐፉ ላይ በሥዕል ብቻ ይታያል፤ ክፍለ ጊዜ የጎደለው የሌላ ትምህርት መምህር ያስተምረዋል።

ይህች አገር ልጆችን ለሙዚቃ ማዘጋጀት አታውቅም አትበሉኝ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ሲያስመጡ፣ አስተማሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን አብረው አምጥተዋል። መሣሪያ ነበራቸው፣ ማደሪያ ነበራቸው። በደርግ ዘመንም የኛው ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ክፍለ ሀገር ለክፍለ ሀገር ይዞሩ ነበር። ስለ ፖለቲካው የፈለጋችሁትን በሉ፤ ቡድን ሲንቀሳቀስ መሣሪያው የሥራው ዕቃ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። አሁን ልጆቹ ለበዓል ማድመቂያ ይጠራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ ይረሳሉ።

ሌላው፣ ቪዲዮው ላይ ማሲንቆ የማይሰማው በተቀደደው ቆዳ ምክንያት ነው። ቆዳውን ዳባት ላይ በጨርቅና በማጣበቂያ ለጥፌው ነበር፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ለቀቀ። ልጅቷ ግን ከመድረክ አልወረደችም፤ ደጋኑን አስቀምጣ እያጨበጨበች ተቀበለች። «አልተለማመዱም» ያላችሁት እሷንም ጨምሮ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ደጋው የምትወጡ ክበቦች እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ማሲንቆና ክራር ወንበር ይያዝላቸው፤ በደብዳቤ፣ ከጉዞው በፊት፣ በማኅተም። በብርድ ልብስ ጠቅልሏቸው፤ ላስቲክ እርጥበት ያፍናል፣ አይሆንም። ስትደርሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከምትጫወቱበት አየር ጋር ይላመዱ፣ ከዚያ ቃኙ። መለዋወጫ ክር፣ ትርፍ ብርኩማና ለደጋኑ ዕጣን ያዙ። የፈረስ ጭራ ያጣችሁ መምህራን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ያለኝን እልካለሁ፣ ዋጋ አልጠይቅም። የልጅቷን ማሲንቆ አዲስ ቆዳ አልብሼዋለሁ፤ ገና አልደረቀም። ንብረት ክፍሉ እስከ ሰኞ ይጠብቅ።